ማርሽ ከትናንሽ መኪኖች ሲወጣ፣ የገበሬው ጭነት ግን በማርሽ ሲጓዝ

ደብረ ታቦር፦ ከወረታ ተነሥቶ በዓለም በር በኩል ወደ ደብረ ታቦር በሚወጣው መንገድ የተጓዘ ሁሉ አንድ ድምፅ ያውቃል። ዳገቱ ሲጠና ሾፌሩ ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሽ ይቀንሳል። ሞተሩ ለቅጽበት ላላ ይልና መልሶ ያጓራል፤ መኪናውም ፍጥነቱን ቀንሶ ጉልበቱን ይጨምራል። ከፋርጣ ድንች የጫነው አይሱዙ፣ ገበያተኛ የሞላው ሚኒባስ፣ በከተማው አቀበት የሚያቃስተው ባጃጅ ሁሉም ይህንኑ ያደርጋሉ።

አዲስ የሚገዙት ትናንሽ የቤት አውቶሞቢሎች ግን ከዚህ ልማድ እየወጡ ነው። ሦስተኛው መርገጫ ከግራ እግር ሥር፣ የማርሽ ዘንጉም ከቀኝ እጅ ሥር እየጠፋ ነው። አንዳንዶቹ አውቶማቲክ ካምቢዮ አላቸው፤ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ደግሞ የሚቀያየር ማርሽ ከነጭራሹ የላቸውም።

ነገሩ የመኪና ባለቤቶች ብቻ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። በደቡብ ጎንደር ደጋ ግን ከዚያ ያልፋል። ማርሽ እየለቀቀ ያለው ትንሿን መኪና ነው፤ የገበሬውን ምርት ከሚያጓጉዘው የጭነት መኪና፣ ከሚኒባሱና ከትራክተሩ ግን አልወጣም፤ በቅርብም የሚወጣ አይመስልም። አዲስ አሽከርካሪ ማርሽን የሚለማመደው ደግሞ በትንሿ መኪና ነው። መማሪያው ቀድሞ ሄዶ ሥራው ወደ ኋላ ከቀረ፣ በመካከል የሚፈጠረውን ክፍተት የሚሞላው ማን ነው? ይህ ትንታኔ የሚያነሣው ጥያቄ ይኸው ነው።

ማርሽ ለምን አስፈለገ?

ዳገት የሚወጣ ሰው እርምጃውን ያሳጥራል፤ ሜዳ ላይ ሲደርስ ያረዝማል። ማርሽ ለሞተር የሚያደርግለት ይህንኑ ነው። የቤንዚንና የናፍጣ ሞተር በቂ ጉልበት የሚሰጠው በተወሰነ የዙር ፍጥነት ውስጥ ብቻ ነው። ዙሩ በጣም ዝቅ ካለ ይጠፋል፤ ከልክ በላይ ከፈጠነም ይጎዳል። ስለዚህ በሞተሩና በጎማው መካከል ዙሩን የሚመጥን ካምቢዮ ያስፈልጋል። በአንደኛ ማርሽ ሞተሩ ብዙ ዞሮ ጎማው ጥቂት ይዞራል፤ በዚህም ጉልበት ይገኛል። በአምስተኛ ማርሽ ነገሩ ተገልብጦ ፍጥነት ይገኛል። ፍሪሲዮን ደግሞ ማርሹ እስኪቀየር ድረስ ሞተሩን ከካምቢዮው ለጊዜው ያለያያል።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ይህን ሥራ ከሾፌሩ እጅና እግር ወስዶ በመጀመሪያ ለዘይት ግፊት፣ ኋላም ለኮምፒውተር ሰጠው። በብዛት ተመርቶ ለገበያ የቀረበውን የመጀመሪያውን ሙሉ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያስተዋወቀው የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ነው፤ ጊዜውም 1939 እ.ኤ.አ. ነበር። የኤሌክትሪክ ሞተር ነገር ከዚህም ይለያል። ይህ ሞተር ከቆመበት መዞር ሲጀምር ሙሉ የማዞር ኃይሉን መስጠት ይችላል፤ በደቂቃ ከ10 ሺህ ዙር በላይም ይዞራል። ስለዚህ አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች ያላቸው አንድ የማይቀያየር የዙር መቀነሻ ብቻ ነው። የሚረገጥ ፍሪሲዮን የለም፤ የሚቀየር ማርሽም የለም።

ለውጡ ከየት መጣ?

በአሜሪካ በ1980 እ.ኤ.አ. ከተመረቱት አዳዲስ መኪኖች አንድ ሦስተኛ ገደማ ባለ ማርሽ ነበሩ። ዛሬ ቁጥራቸው ወደ 1 በመቶ ዝቅ ብሏል። በጃፓንም ለአገር ውስጥ ገበያ የሚሸጡት አዳዲስ መኪኖች ከሞላ ጎደል ሁሉም አውቶማቲክ ናቸው። ለረጅም ዘመን ባለ ማርሽ ትናንሽ መኪኖችን ስትመርጥ የኖረችው አውሮፓም በዚያው አቅጣጫ እየሄደች ነው።

ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው። ቀድሞ አውቶማቲክ መኪና ነዳጅ በላተኛ ነበር፤ የዛሬዎቹ ግን ብዙ ማርሽ ስላላቸውና ለውጡ በኮምፒውተር ስለሚመራ በነዳጅ ቁጠባ ባለ ማርሹን ይስተካከላሉ፤ አንዳንዴም ይበልጣሉ። ነዳጅና ኤሌክትሪክን አጣምረው የሚሠሩት መኪኖች በአብዛኛው አውቶማቲክ ናቸው። የከተማ መጨናነቅም ፍሪሲዮን መርገጥን አድካሚ አድርጎታል። ገዢው ሲቀንስ አምራቹ ለጥቂቶች ብሎ ሁለተኛ ዓይነት ካምቢዮ መሥራት አያዋጣውም።

በአገራችን ትንሽ መኪና ማለት ለዘመናት ባለ ማርሽ መኪና ማለት ነበር። ቮልስ፣ ፊያት 600፣ ፔጆ 404፣ በአዲስ አበባ ታክሲ ሆና የኖረችው ላዳ፣ ከዚያም ኮሮላ ዲኤክስ የብዙ አሽከርካሪ ትውልድ የማርሽ መምህራን ናቸው። ሕዝቡ ቪትዝና ያሪስ የሚላቸው ትናንሽ ቶዮታዎች ሲበዙ አውቶማቲክ ካምቢዮ ወደ መካከለኛ ገቢ ቤተሰብ ደጃፍ ደረሰ።

ወሳኙ ለውጥ የመጣው ግን በፖሊሲ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2014 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከሱር ታክስና ከኤክሳይዝ ታክስ ነፃ አደረገ። ተገጣጥመው በሚገቡት ላይ የጉምሩክ ቀረጡ 15 በመቶ፣ በከፊል በተገጣጠሙት ላይ 5 በመቶ ሆነ፤ ሙሉ በሙሉ ተፈትተው የሚገቡት ከቀረጥ ነፃ ተደረጉ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ የኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ አስታወቁ። ዋናው ምክንያት ነዳጅ ለመግዛት የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም የኤሌክትሪክ መኪናን ሐሳብ ያጠናክረዋል።

እንግዲህ በሌላው ዓለም ማርሽን ከትንሿ መኪና ያስወጣው የገዢው ምርጫና የአምራቹ ሒሳብ ነው። በእኛ አገር ግን የቀረጥና የነዳጅ ፖሊሲ ነው። ልዩነቱ ትርጉም አለው። በገበያ የሚመጣ ለውጥ ቀስ እያለ ጋራዡንም አሠልጣኙንም ይዞ ይጓዛል። በውሳኔ የሚመጣ ለውጥ ግን መኪናውን ቀድሞ ያደርሳል፤ ጥገናው፣ ሥልጠናውና ዕውቀቱ ከኋላ ይከተላሉ።

የደጋው ፈተና

ደቡብ ጎንደር የመኪና ጉልበት የሚፈተንበት አገር ነው። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ደብረ ታቦር ደግሞ 2 ሺህ 700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ በጋሳይና በክምር ድንጋይ አልፎ ወደ ነፋስ መውጫ የሚሄደው መንገድ፣ ከ4 ሺህ 100 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጉና ተራራ ግርጌ ያልፋል። ይህ ምድር ከባድ ጭነትን በቀላሉ አሳልፎ አያውቅም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጓዝ መንገድ እየተጠረገለት ወራት ፈጅቶበታል።

በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው። አየር መጭመቂያ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1 ሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። ስለዚህ በባሕር ወለል ላይ 70 የፈረስ ጉልበት ያላት ትንሽ መኪና ደብረ ታቦር ስትደርስ የሚቀራት ከ50 ብዙም አይበልጥም። ባለ ማርሽ መኪና የያዘ ሾፌር ይህን ጉድለት በብልሃት ይሞላዋል፤ ዳገቱ ከመድረሱ በፊት ማርሽ ቀንሶ ይጠብቀዋል። የቆየ አውቶማቲክ ካምቢዮ ግን የሚያውቀው ዳገቱ ከደረሰ በኋላ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማያስፈልገው ጉልበቱ በከፍታ አይቀንስም፤ እንዲያውም ለደጋው ዳገት ከሁሉም የተሻለ ነው። ሆኖም ዳገቱ ከባትሪው ይበላል። 1 ሺህ 600 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪናን ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ከፍታ ለማንሣት ብቻ 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይጠይቃል። ባትሪዋ 40 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ከሆነ፣ ሜዳ ላይ ከምታወጣው በተጨማሪ አንድ አሥረኛውን ለከፍታው ትከፍላለች ማለት ነው።

ትልቁ አደጋ ግን ያለው በቁልቁለቱ ላይ ነው። በረጅም ቁልቁለት ፍሬን ሲረገጥ ከዋለ ይግላል፤ ሲግል ደግሞ የመያዝ ኃይሉን ያጣል። ልምድ ያላቸው ሾፌሮች ቁልቁለትን በወጡበት ማርሽ የሚወርዱት ለዚህ ነው፤ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል። አውቶማቲክ መኪና የሚነዳ ሰው ዘንጉን በተለመደው የጉዞ ቦታ እንደተወው ከወረደ ይህን እርዳታ በአብዛኛው አያገኝም። ብዙ አውቶማቲክ መኪኖች "ኤል"፣ "2" ወይም "ቢ" የሚል ምልክት አላቸው። ይህ ምልክት ካምቢዮውን በዝቅተኛ ማርሽ ይዞ ሞተሩ መኪናውን እንዲያዘገየው የሚያደርግ ነው። በሜዳ ከተማ ብቻ የተለማመደ አሽከርካሪ ምልክቱን አንድ ቀን እንኳ ሳይነካው ሊኖር ይችላል።

የኤሌክትሪክ መኪና ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ሞተሩን እንደ ጄኔሬተር ተጠቅሞ ራሱን ያዘገያል፤ በዚያውም ባትሪውን ይሞላል። በዳገቱ ከወጣው ኃይል የተወሰነው በቁልቁለቱ ይመለሳል። ነገር ግን ባትሪው ጢም ብሎ ከተሞላ የሚመለሰውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፤ ማዘግየቱም ይዳከማል። ደብረ ታቦር አድሮ ባትሪውን እስከ 100 በመቶ ሞልቶ ጠዋት ወደ ወረታ የሚወርድ አሽከርካሪ የመኪናውን ግማሽ ልጓም ቤቱ ትቶ እንደወጣ ይቆጠራል። ቁልቁለት የሚጠብቀው ሰው ባትሪውን 80 ወይም 90 በመቶ ላይ ቢያቆመው ይሻላል። እንዲህ ያለው ምክር የሚጠቅመው መንገዱ ላይ ከመውጣት በፊት ሲታወቅ ነው።

ጋራዡ ምን ይጠብቀዋል?

ባለ ማርሽ መኪና በወረዳ ከተማ ሊጠገን የሚችል መኪና ነው። የፍሪሲዮን ሸራ ሲያልቅ ካምቢዮው ይወርዳል፣ ሸራው ይቀየራል፣ ካምቢዮው ይመለሳል። ሥራው ጉልበትና ልምድ ይጠይቃል እንጂ ኮምፒውተር አይጠይቅም። ባትሪ ሲደክምም መንገድ ላይ ያለ ሰው ተሰብስቦ ይገፋል፤ ሾፌሩ በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ሲለቅ ሞተሩ ይነሣል።

አውቶማቲክ መኪና በግፊት አይነሣም። ሞተሩ ጠፍቶ ጎማዎቹ መሬት ላይ እየዞሩ ረጅም መንገድ ከተጎተተም ካምቢዮው ሊቃጠል ይችላል፤ ዘይት የሚያሠራጨው ፓምፕ የሚሠራው ሞተሩ ሲሠራ ነውና። የኤሌክትሪክ መኪናም እንዲሁ የሚነዱት ጎማዎች ከመሬት ተነሥተው ወይም በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ መሄድ አለበት። በክምር ድንጋይና በነፋስ መውጫ መካከል የቆመን መኪና በገመድ አስሮ መጎተት የለመደ ሰው፣ ለመርዳት ብሎ ትልቅ ኪሣራ ሊያደርስ ይችላል።

የኤሌክትሪክ መኪና የሚቀየር የሞተር ዘይት የለውም፤ ፍሪሲዮንም የለውም፤ ፍሬኑም ቀስ ብሎ ነው የሚያልቀው። ለባለቤቱ ይህ ቁጠባ ነው። ለጋራዡ ባለሙያ ግን የዕለት ገቢው ከሚመነጭባቸው ሥራዎች ግማሹ ቀረ ማለት ነው። የቀረው ሥራ ደግሞ ከ300 ቮልት በላይ በሚሸከም ባትሪ ዙሪያ ነው፤ ሳይሠለጥን የሚነካው ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ በኋላ ብር ከዶላር አንጻር በእጅጉ በመዳከሙ፣ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሁሉ ተወድዷል። ስለዚህ በአካባቢው ሊጠገን የሚችልና የማይችል መኪና ልዩነት ከቀድሞው ይልቅ በኪስ የሚሰማ ሆኗል።

መማሪያው ሲሄድ ሥራው ሲቀር

በአሽከርካሪ ማሠልጠኛዎች የሚታዩት መኪኖች በአብዛኛው ዕድሜ ጠገብ ባለ ማርሽ አውቶሞቢሎች ናቸው። ተማሪው ዳገት ላይ አቁሞ ሳያንሸራትት ማስነሣትን እየፈራም ቢሆን ይማራል። እነዚህ መኪኖች ሲያረጁ በምን ይተካሉ? ወደ አገር የሚገባው አዲስ አውቶሞቢል ኤሌክትሪክ ከሆነ፣ ነገ የማሠልጠኛው መኪናም ፍሪሲዮን አይኖረውም። ለራሱ መኪና ብቻ ለሚማር የከተማ ነዋሪ ይህ ችግር አይሆንበትም።

በዚህ አካባቢ መንጃ ፈቃድ የሚያወጣ ወጣት ግን ብዙውን ጊዜ የሚማረው የራሱ መኪና ስላለው አይደለም፤ ሥራ ፈልጎ ነው። የሚጠብቀው ሥራ ደግሞ ያለው በማርሽ ላይ ነው። ድንቹንና ገብሱን ወደ ባሕር ዳር የሚያወርደው አይሱዙ፣ ገበያተኛውን ከእስቴና ከእብናት የሚያመላልሰው ሚኒባስ ባለ ማርሽ ናቸው። ባጃጅ እንኳ ፍሪሲዮኑና ማርሹ በግራ እጅ መያዣው ላይ ነው ያሉት።

ትራክተሩ ከሁሉም በላይ ማርሽ አዋቂ ይፈልጋል። በ2011 ዓ.ም. መንግሥት የግብርና መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ከፈቀደ ወዲህ፣ እንደ ፎገራ ባሉ ሜዳማ የሩዝ ወረዳዎች የትራክተር ፍላጎት አድጓል። በብዙ ትራክተሮች ላይ የእርሻ ማርሽ የሚመረጠው ከመነሣት በፊት ነው፤ ማረሻው አፈር ውስጥ ከገባ በኋላ ለመቀየር መሞከር ትራክተሩን ያቆመዋል። የተመረጠው ማርሽ ከፍ ካለ እርሻው ያልተስተካከለ ይሆናል፤ ከሚገባው በላይ ዝቅ ካለም ናፍጣና ሰዓት ይባክናል። እግሩን ፍሪሲዮን ላይ አሳርፎ የሚያርስ ሰው ደግሞ ሸራውን በአንድ ክረምት ሊጨርሰው ይችላል። በኪራይ ትራክተር የሚያሳርስ ገበሬ ለዚህ ስሕተት ዋጋ የሚከፍለው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንድም በኪራዩ፣ አንድም በማሳው።

ሌሎች አገሮች ይህን ክፍተት የሚያዩበት መንገድ አላቸው። በብሪታንያና በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በአውቶማቲክ መኪና የተፈተነ ሰው የሚሰጠው ፈቃድ ባለ ማርሽ መኪና እንዳይነዳ የሚገድብ ምልክት ሊይዝ ይችላል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሰው የተፈተነበትን ይንዳ የሚል ነው። በእኛ ሁኔታ ግን ምልክት ማድረግ ብቻውን በቂ አይሆንም። በአውቶማቲክ ብቻ የሠለጠነ ወጣት የጭነትና የሕዝብ ማመላለሻ ሥራ በር ይዘጋበታልና፣ ማርሽ የሚማርበት ቦታ አብሮ ሊዘጋጅለት ይገባል።

ምን ይሻላል?

ማርሽ ከትንሿ መኪና በመውጣቱ የሚያለቅስበት ምክንያት ብዙ አይደለም። አውቶማቲክ መኪና መንዳትን ለብዙዎች ክፍት አድርጓል። በግራ እግሩ ጉዳት የደረሰበት ሰው፣ በዕድሜ የገፉ አባት፣ በፍሪሲዮን ፍርሃት መንዳትን የተወች እናት ዛሬ በልበ ሙሉነት መሪ መጨበጥ ይችላሉ። ቤንዚን ፍለጋ በማደያ ሰልፍ ከማደርም በቤት ሶኬት ባትሪ መሙላት፣ መብራት ካልጠፋ፣ የተሻለ ዕረፍት ነው።

ችግሩ ያለው አሮጌው ገና ሳይሄድ እንደሄደ በመቁጠር ላይ ነው። ከዚህ አንጻር ሦስት ነገሮች ትኩረት ይሻሉ። የመጀመሪያው፣ ለጭነት፣ ለሕዝብ ማመላለሻና ለእርሻ መሣሪያ የሚሠለጥኑ ወጣቶች በባለ ማርሽ ተሽከርካሪ የመሠልጠን ዕድላቸው እንዳይቋረጥ ማድረግ ነው፤ ማሠልጠኛዎች ያሏቸውን ባለ ማርሽ መኪኖች ጠግነው ቢያቆዩ ያዋጣቸዋል። ሁለተኛው፣ በአውቶማቲክና በኤሌክትሪክ መኪና የሚሠለጥን ሰው የቁልቁለት አነዳድን፣ የመጎተት ሥርዓትንና የባትሪ አሞላልን ለይቶ እንዲማር ማድረግ ነው። ለሜዳ ከተማ የተዘጋጀ ትምህርት ለዓለም በር ቁልቁለት አይበቃም። ሦስተኛው፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የከፍተኛ ቮልቴጅ ጥገናን ለጋራዥ ባለሙያዎች በአጭር ሥልጠና እንዲያደርሱ ማድረግ ነው፤ የዛሬው የፍሪሲዮን ባለሙያ ነገ የኤሌክትሪክ መኪና ባለሙያ የማይሆንበት ምክንያት የለም።

መኪና ለመግዛት የሚያስብ ነዋሪም ከዋጋው ጎን ለጎን ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። መኪናዋ ብትበላሽ በቅርብ የሚጠግናት ማን ነው? ምን ያህል ርቀት ትጎተታለች፣ እንዴትስ? በዳገት ባትሪዋ ወይም ነዳጇ የት ድረስ ያደርሳታል? በቁልቁለት የሚያዘገያት ምልክት የትኛው ነው? ሻጩ ለእነዚህ መልስ ከሌለው ገዢው ገና መኪናዋን አላወቃትም።

መጪው መኸር ሲደርስ ከፋርጣና ከላይ ጋይንት የሚወርደው ድንች አሁንም በአይሱዙ ይጫናል፤ አይሱዙውም አሁንም በማርሽ ይወርዳል። መሪውን የሚይዘው ወጣት የት እንደተማረ የሚታወቀው መንጃ ፈቃዱ ላይ ሳይሆን የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ነው። ያን ጊዜ ከኋላው የተጫነው የገበሬው የዓመት ልፋት ነው፤ ብዙ ጊዜም ገበሬው ራሱ ከጭነቱ ላይ ተቀምጧል።